የአያቴ ኖታ ዜማ የለውም

አያቴ ከተዉልን ንብረት ሁሉ ቤተሰቡን ሲያከራክር የኖረው አንዲት ቅጠል ኖታ ናት። የላይኛው ጠርዟ በመቀስ ስለተቆረጠ ርዕስ የላትም። ፉሪ ተራራ ግርጌ በሠሩት ቤት ስንሰማው ያደግነው ታሪክ ይህ ነው፦ አያታችን በክቡር ዘበኛ ባንድ ሲነፉ የኖሩት «ማርሽ ተፈሪ»ን ነው፤ ንጉሡ ሲወርዱ ስማቸው ቤት ውስጥ እንዳይገኝ ሴት አያታችን ርዕሱን ቆርጠው ጣሉት፤ የቀረው ዋናው ኖታ ነው።

ታሪኩ ለማመን ይመቻል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ባለው የአርመን ገዳም ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሲጫወቱ ሰሙና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ። የሙዚቃ ኃላፊያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ማርሹን ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የራስ ተፈሪን የንግሥ በዓል ያደመቀው ይኸው ማርሽ ሥርዓቱ እስኪወድቅ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

ኖታ ማንበብ ስለማልችል ወረቀቷን ይዤ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ወረድሁ። እዚያ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የጦር ባንድ ሙዚቀኛ አሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ገና እንዳዩዋት ሳቁ።

«ይሄ የሆርን ነው፤ ዜማ የለውም።»

በጠረጴዛው ላይ እየመቱ አሳዩኝ። ቱባው ጠንካራውን ምት ይረግጣል፤ ሆርኑ በመሐል ባለው ክፍተት ይገባል። ዕረፍት፣ ድምፅ፣ ዕረፍት፣ ድምፅ። ዜማውን የሚይዙት ትሮምፔትና ክላርኔት ናቸው።  

መቀሱስ? ጋሼ ወረቀቷን ገልብጠው ከታች መሐል ላይ ያለውን የዝገት ምልክት ነኩት።

«ፖለቲካ አይደለም ልጄ። በሰልፍ ላይ ኖታ የሚያዘው መሣሪያው ላይ በምትገጠም ትንሽ መቆንጠጫ ነው። ወረቀቱ ከበለጠ ነፋስ ያራግበዋል፣ ፊትም ይጋርዳል። ስለዚህ ይቆረጣል። ነፊው ርዕሱን ለማን ብሎ ያስቀረዋል? እሱ ያውቀዋል!»

መዝሙሩ መሆኑንም ፈተንነው። እሳቸው ዜማውን ሲያፏጩ እኔ ሜዠሩን በጣቴ ተከተልሁ። መጀመሪያው ላይ ገጠመ፤ ግን በሁለት ምት የሚሄድ ማርሽ ሁሉ እዚያ ላይ ይገጥማል። ዜማው ሲያልቅ ጣቴ ገና የወረቀቷ አጋማሽ ላይ ነበር። ከዚያ በታች አንድ ፍላት ተጨምሮ ትሪዮ የሚባለው የማርሹ መጨረሻ ክፍል ይጀምራል።

የቤታችን «ማርሽ ተፈሪ» ሰበታ ላይ ቀረ። «ዋናው ኖታ» የሚባለው ነገርም አብሮት ቀረ። ማርሽ ሲደረስ ሁሉም ድምፅ ያለበት ሙሉ ኖታ መሪው ጋ ይቀመጣል፤ ገልባጭ ደግሞ ለየመሣሪያው የየድርሻውን ይጽፋል። ባንዱ ሲበተን ያ ሁሉ ቅጠል በየጓዙ ገብቶ በየቤቱ ይቀራል። አንድ ቤተሰብ፣ ያውም የሆርን ነፊ ቤተሰብ፣ ማርሹን ብቻውን ሊይዘው አይችልም።

ስለዚህ አሁን የምፈልገው ርዕስ ሳይሆን ልክ ነው። አባቱ ወይም አያቱ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ወይም በጦር ሠራዊት ባንድ የነፋ ሰው ካለ የድሮውን ሻንጣ ይክፈት። የምንፈልገው ማርሽ 4 ሜዠር መግቢያ፣ ሁለት ጊዜ 16 ሜዠር፣ ከዚያ አንድ ፍላት ጨምሮ የ32 ሜዠር ትሪዮ አለው። የትሮምፔት ወይም የክላርኔት ቅጠል ሆኖ ልኩ ይኸው ከሆነ ፉሪ ድረስ ይዞት ይምጣ፤ ጋሼ ያፏጩታል፣ እኔም ጠረጴዛውን እመታለሁ።