ከፎርድስበርግ ለእትዬ

እትዬ፣ ያረፍኩት ፎርድስበርግ፣ ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በስተምዕራብ ነው። ሚንት ሮድ ላይ የሕንድና የፓኪስታን ሰዎች ሱቆች ተያይዘው፣ ሲመሽ የጥብሱ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል።

ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባሽ ወዲህ የማየውን ሁሉ ካንቺ ኑሮ ጋር ነው የማስተያየው። እዚሁ አጠገብ ነዋሪዎቿ ፊታስ የሚሏት ሰፈር ነበረች። አፓርታይድ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው፣ ሰውን በዘር ለይቶ በሚያሰፍረው ሕግ «የነጮች ናት» ተባለችና ሕንዶቹን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ሌኔዥያ ሰደዷቸው። ለነጋዴዎቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፎርድስበርግ ውስጥ ኦሪየንታል ፕላዛ ተሠራላቸው። ዛሬም ደማቅ ገበያ ነው፤ ጨርቁን ስታማርጪ ብትውይ አይሰለችሽም። ግን ሱቃቸው እዚህ፣ ቤታቸው እዚያ ሆኖ ቀረ። ፊታስን ሄጄ አየኋት፤ ቤት የነበረበት ስንቱ ቦታ እስካሁን ሣር በቅሎበታል። ያን ሁሉ ሕዝብ ነቅለው መልሰው እንኳ አልሞሉትም! አንጀቴ አረረ።

ከመሀል ከተማው ግን ባለገንዘቡን ማንም አላባረረውም፤ ራሱ ጥሎት ወጣ። ካርልተን ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ተዘጋ፤ የአክሲዮን ገበያው እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ሳንድተን ሄደ። እዚያው ጄፒ በሚሉት መንገድ ላይ ሐኪሞች የለቀቋቸውን ፎቆች የያዙት ያገራችን ልጆች ናቸው። የሐኪሙን ክፍል ከፋፍለው ሱቅ አደረጉት፤ ቡናውም ክትፎውም እዚያው አለ። ፕላን ያወጣላቸው የለም፤ ያንን ሰፈር ግን እነሱ ናቸው ያቆሙት። የሚያስፈራም አለ፤ በነሐሴ እ.ኤ.አ. 2023 የከተማው አስተዳደር ንብረት የሆነ፣ ጠባቂ ያጣ ሕንፃ ተቃጥሎ ከ70 በላይ ሰው አለቀ።

የእኛም የቀበሌ ቤት በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችን ከወረሰው አዋጅ ወዲህ ባለቤቱ መንግሥት ነበር፤ ኪራዩ ርካሽ፣ ጣሪያው ግን የሚያፈስ። ሰፈሩ አርጅቷል ያለ ሰው አልዋሸም። እኔን የሚቆረቁረኝ ቤት ሲሰጥሽ መተዳደሪያሽ አብሮሽ አለመሄዱ ነው። እንጀራሽን ደጃፍሽ ድረስ መጥተው ይወስዱ የነበሩት ደንበኞች አሁን በየዳርቻው ተበትነዋል። ሰው ሲነሳ ከቤቱ ጋር ገበያውም መታሰብ አለበት፤ ይህን ለሰፈራው ኃላፊዎች በስብሰባ ላይ ተናገሪልኝ፣ አትፍሪ።

ስትጽፊልኝ የኮንዶሚኒየማችሁ ምድር ቤት ለሱቅ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ዕድራችሁም የት እንደሚሰበሰብ ንገሪኝ። የዕድሩን መዋጮዬን ከዚሁ እልካለሁ፤ ስሜ እንዳይሰረዝ።

ወንድምሽ