ጥርት ያለ ውሃ

ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ አንዷ ጓደኛችን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። እኛ ሁለታችን ደግሞ ምን ቸገረን! «ለመሆኑ ጥርስሽን በምን ነው የምታጥቢው?» እያልን እንቀልድባት ነበር። የጥርሷ መበለዝ የስንፍና ውጤት መስሎን ነዋ! እሷ ግን ከእኛ ይልቅ ተግታ ጠዋትና ማታ ትቦርሽ ነበር።

አንድ ማታ ቀልዳችን መረራት። ተነሥታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳች፣ አንድ ማንኪያ ጨው ጨመረችበት፣ አማስላ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጋ አሳየችን።

«ጨው ይታያችኋል?»

«አይታየንም» አልን።

«እኔም ያደግሁት እንዲህ ያለ ውሃ እየጠጣሁ ነው» አለችን። ያደገችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መተሐራ አካባቢ ነው።

እኛ ኬሚስትሪን ለፈተና ሸምድደን በማግሥቱ የረሳን ሰዎች ነን። ያን ማታ ግን አፍረን መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። ነገሩ እንዲህ ነው። የውሃ ሞለኪውል በኦክስጅኑ በኩል ጥቂት ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኑ በኩል ጥቂት ፖዘቲቭ ነው። ጨው ሲገባበት ሶዲየሙን በአንዱ ጎኑ፣ ክሎራይዱን በሌላው ጎኑ እየከበበ ይነጣጥላቸዋል። ዘይት ግን እንዲህ የሚያዝበት ቻርጅ ስለሌለው ተንሳፎ ይቀራል። የሟሟ ነገር አልጠፋም፤ ዓይን ሊያየው እስከማይችል ድረስ ተበታተነ እንጂ። ስለዚህ በነጠላ ብናጠልለው አይቀርም። ብናፈላውማ ይብሳል! ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ የሟሟው እዚያው ይቀራል።

በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ፍሎራይድ ነው። ውሃው በእሳተ ገሞራ ዐለቶች መካከል ሲቆይ ከዐለቱ ይወስደዋል። በውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተጣብቆ፣ እምብዛም የማይሟሟ ጠጣር ሆኖ ይዘቅጥ ነበር። የዚያ አካባቢ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም ያንሰዋል፤ ፍሎራይዱም ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይህን ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ።

የሚገርመው፣ ይኸው ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስ ይጠብቃል፤ የጥርስ ሳሙናችን ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ሲበዛ ግን ገና በድድ ውስጥ የሚያድገውን የሕፃን ጥርስ ያበላሻል፤ ለዓመታት ሲጠጣም አጥንት ይጎዳል። ጥርሱ ብቅ ሲል ጉዳቱ አብሮት ይወጣል። ያኔ ቡርሽ ምን ያደርጋል?

ይቅርታ ጠየቅናት። «እኔስ አንዴ ሆኗል» አለችን፤ «ታናሿ እህቴ ግን ገና አምስት ዓመቷ ነው።»

እስከ ስምንት ዓመት ግድም ያለው ጊዜ ነው ለጥርስ ወሳኙ። መላ ግን አይጠፋም፦ የተቃጠለ የአጥንት ከሰል ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀራል፤ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም አለ። እሷ ለእናቷ ደውላ የክረምቱን ውሃ ከጣሪያ ላይ ለሕፃኗ መጠጥ እንዲያጠራቅሙ ስትለምን ሰማናት። እናትየው የመለሱላት ግን እኛም ብንሆን የምንለውን ነው፦

«የጉድጓዱ ምን ሆነና ልጄ? ጥርት ያለ ውሃ እኮ ነው!»