ትንሽ ቃል ግቢ፣ የገባሽውን ፈጽሚ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሰጥታለች፤ ከመሳፈርሽ በፊት ይደርስሻል። ከማኅበር ጓደኞችሽ ጋር ታንዛኒያ ወርዳችሁ የታሰሩ ወገኖቻችንንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን ልትጠይቁ መሆኑን ከነገርሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ካንቺ ጋር ነው። በስልክ ልመክርሽ ብል ኔትወርኩ አያስጨርሰኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የታሰረን ስለ መጠየቅ የሚናገረውን የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሰሚው ስላደግሽ ለምን መሄድ እንዳለብሽ አልነግርሽም። የምነግርሽ እንዴት እንደምትሄጂ ነው። ሕፃንና እስረኛ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ተነሥተው ሊፈልጉሽ አይችሉም። እመጣለሁ ካልሻቸው በር በሩን እያዩ ይጠብቁሻል። ስለዚህ ትንሽ ቃል ግቢ፣ የገባሽውን ግን ፈጽሚ። ቀሪው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ የምትጠይቂያቸውን ሰዎች እወቂ። የእኛ የወሎ ልጆች ሲሰደዱ መንገዳቸው በጅቡቲ ነው፤ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ። ታንዛኒያ የምታገኚያቸው ግን አብዛኞቹ ከሆሳዕናና ከከምባታ አካባቢ ወጥተው፣ በሞያሌ ኬንያ ገብተው፣ ደቡብ አፍሪካ እንደርሳለን ሲሉ የተያዙ ናቸው። የብዙዎቹ ጥፋት ያለ ወረቀት ድንበር መሻገር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ማላዊ ውስጥ ምዚምባ በሚባል ቦታ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ስደተኞች በጅምላ የተቀበሩበት ጉድጓድ ተገኘ። በዚያው መንገድ ሄዶ እስር ቤት የገባው ልጅ እንግዲህ የተረፈው ነው። እናቱ ግን መትረፉን ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ “ምን አድርገህ ታሰርክ?” ብለሽ አትጀምሪ። ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ቀበሌውንና የሚያስታውሰውን ስልክ ቁጥር ጽፈሽ ያዢ፤ የእስር ቤቱ ሕግ የሚፈቅደውን ያህል መልእክቱን አድርሺ። ከምትወስዱለት ሳሙናና ልብስ ይልቅ የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው።

ወልድያ ማረሚያ ቤት ዘመድ ልንጠይቅ በሄድንበት እሑድ ያየሽውን አትርሺ። ስንቅ ያመጡት ሴቶች ተሰልፈው፣ ተራቸው ሲደርስ ምሳ ዕቃውን ከፍተው ፖሊሱ ፊት አንድ አንድ ጉርሻ ይቀምሳሉ። ከዚያ የእስረኛው ስም ወደ ውስጥ ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሰው ገና ወጡን ሳያይ ፊቱ ይፈካል። ባዕድ አገር የታሰረ ሰው ግን ስንቅ የሚያመጣለትም፣ ስሙን የሚያስጠራለትም የለውም። አንቺ የምትሄጂው ለዚያ ነው።

ደግሞ የምታገኚውን እስረኛ ሁልጊዜ ተቀባይ አድርገሽ አትቁጠሪው። እዚህ ላሊበላ፣ ቤተ መርቆሬዎስ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእግር ብረት በመገኘቱ ቦታው በአንድ ዘመን ፍርድ ቤት ወይም እስር ቤት ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ቅዱስ ላሊበላ አስፈለፈላቸው ከሚባሉት መቅደሶች መካከል እንኳ የታሰረ ሰው ቦታ ነበረው ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ከጢሮስ የመጡ ሁለት ልጆች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴሲዮስ፣ አብረዋቸው በመርከብ የነበሩት ተገድለው እነሱ ተማርከው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ከሁለቱ ፍሬምናጦስ በኋላ እስክንድርያ ሄዶ በሊቀ ጳጳሱ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ፤ ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። ክርስትናን በአገራችን ያጸናልን ተማርኮ የመጣ ልጅ ነው። እስረኛው ከፊትሽ ሲቀመጥ ይህን አስቢ። ማንበብ የሚችለው ያንብብ፣ ስዋሂሊ የለመደው ያስተርጉም፣ መጸለይ የሚወደው ይጸልይላችሁ።

ሃይማኖቱንም ከዳቦው በፊት አትጠይቂው። ከእስረኞቹ ውስጥ ጴንጤው ብዙ ነው፤ ሙስሊሙም ተዋሕዶውም አለ። አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ፤ በአንድ ሰፈር ክርስቲያኑና እስላሙ ለቅሶም ሠርግም አብረው ሲቀመጡ አይተሽ አድገሻል። ለተራበ ሰው ስብከትን የዳቦ ዋጋ ማድረግ ነውር ነው።

ስለ ሕፃናቱ ደግሞ ከዚሁ ከአገርሽ የተሻለ አስተማሪ የለሽም። ፈረንጅ ሲመጣ ልጆቻችን እየተከተሉ ዲክሽነሪ ግዛልኝ፣ ኳስ ግዛልኝ ይሉ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እንግዳው ገዝቶ ፎቶ ተነሥቶ ሲሄድ መጽሐፉ ተመልሶ ሱቅ ይገባል፤ ባለ ሱቁ ዋጋውን ቀንሶ ይቀበልና ለሚቀጥለው እንግዳ ይሸጠዋል። እኔ በማስተምርበት ዘመን የገና በዓል ሲቃረብ ክፍሉ ይሳሳ ነበር፤ ልጁ ስፖንሰር ፍለጋ ቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ ነው። ሰጪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ቸኩለው ነበር እንጂ። የኮሮና ወረርሽኝና የሰሜኑ ጦርነት ተከታትለው እንግዳው ሲጠፋ፣ በስፖንሰር ተስፋ ትምህርቱን የተወው ልጅ ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ በልጅ እጅ ገንዘብ አትስጪ። ለእናቱ፣ ለአያቱ ወይም ለትምህርት ቤቱ ስጪ።

ማሳደጊያ ስትገቡም “ወላጅ የለውም” ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። አያት አለችው? አክስትስ? ብላችሁ ጠይቁ። ከአገራችን ከ1990ዎቹ ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ 15 ሺህ ያህል ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። መልካም ቤት ያገኙ ብዙ ናቸው፤ ወላጅ እያላቸው ወላጅ አልባ ተብለው የተሰጡም ነበሩ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን የከለከለው እንዲህ ያለው ጣጣ ከበዛ በኋላ ነው። የልጆቹንም ሆነ የእስረኞቹን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ፤ ልጁ አድጎ ያንን ፎቶ ቢያየው ያፍርበት እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ።

ምሳሌ ከፈለግሽ ወይዘሮ አበበች ጎበናን ያዢ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ መጥታ ረሃብ የጣለውን ሰው አየች፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ሬሳዋን ይዛ የቀረች ሕፃን አግኝታ ወደ አዲስ አበባ ወሰደች። ብዙ ሰው አልቅሶ በሚያልፍበት ቦታ እሷ ልጅ ይዛ ተመለሰች። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ቤቷንና ትዳሯን አጣች፤ እነሱን ግን አልተወችም፤ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ሙያ አስይዛ ለወግ አበቃቻቸው። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና እስክታርፍ ድረስ ሥራዋ ያው ነበር። ሕይወትሽን ሁሉ ስጪ አልልሽም። ከእሷ የምትወስጂው አንድ ነገር የጀመሩትን አለመተው ነው።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንላለን። አንቺ ነርስ ነሽ፤ መድኃኒት አስጀምሮ ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። የምትቆዩት ለሁለት ሳምንት ነው ብለሽኛል። በሁለት ሳምንት ማንንም አታድኑም፤ ነገር ግን እዚያው የሚኖር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ እስር ቤቱ መግባት የሚፈቀድለት ሰው ፈልጋችሁ ሥራውን ከእሱ ጋር ማያያዝ ትችላላችሁ። አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ተሰብሰቡና ይህን ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ፤ እኛ ስንመለስ እነዚህን ሰዎች በየወሩ የሚጠይቃቸው ማን ነው? ስሙንና ስልኩን መጻፍ ካቃታችሁ ጉዞውን አዘግዩት። ከጻፋችሁ ግን ሂጂ፤ የአባትሽና የእናትሽ ምርቃት ይከተልሽ።

አባትሽ
ከላሊበላ