ሁለት ቀን በአየርላንድ ሐዲድ ላይ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ቤተ ዘመድ የሚያዘው ዕቃ ብዙ ነው። እኛ ባልና ሚስት ግን ለእኅታችን ልጅ ሠርግ ወደ አየርላንድ ስንነሣ፣ ድሬዳዋ የሚኖሩት አባታችን ያዘዙን አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባታችን የቀድሞው ምድር ባቡር ነጂ፣ በድሬዳዋ አጠራር ሸሚኖ ናቸው። የነዷቸውን ሎኮሞቲቮች ቁጥር እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘዋል፤ ዳሩ ግን ከአንዱም ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ የላቸውም። ጣቢያና ድልድይ የጥበቃ ቦታ ነበርና ካሜራ የሚያወጣ አልነበረም። ስለዚህም፣ «ልጆቼ፣ የዚያን አገር ሎኮሞቲቭ ከነነጂው፣ ከፊት ለፊቱ አንሥታችሁ አምጡልኝ፤ ዓይኔ ፈጽሞ ሳይደክም ልየው» አሉን።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ በእጃችን የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ማለዳ ያሳለፍነው በደብሊን ከተማ በሂውስተን ጣቢያ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ቤተ መንግሥት የሚመስል የድንጋይ ሕንፃ ነው። የቀድሞ ስሙ ኪንግስብሪጅ ሲሆን የዛሬውን ስም ያገኘው በ1966 ነው። ሾን ሂውስተን በዚሁ ጣቢያ ይሠራ የነበረ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበር። በ1916 የትንሣኤ ሰሞን አመፅ ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት እንዲይዘው የታዘዘውን ሕንፃ ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ሁለት ቀን ያህል ይዞ ቆየ። ከተማረከ በኋላ በ25 ዓመቱ በጥይት ተረሸነ። በየቀኑ የሚመላለሰው መንገደኛ ሁሉ ዛሬ ያንን ጸሐፊ በስሙ ይጠራዋል።

እኛም የወታደር ቤተ ሰብ እንደ መሆናችን ካሜራችንን ከቦርሳው ከማውጣታችን በፊት ፈቃድ ጠየቅን። ያነጋገርናቸው አዛውንት የጣቢያ ሠራተኛ ከወዴት እንደ መጣን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። አባታቸው በተባበሩት መንግሥታት ሠራዊት ውስጥ ኮንጎ ዘምተው ነበርና የኢትዮጵያን ወታደሮች ስም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል። በእርግጥም በ1962 የኮንጎውን ጦር አዛዥነት ከአየርላንዳዊው ጄኔራል ሾን ማኪዮን የተረከቡት የእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። አዛውንቱም፣ «ከቢጫው መሥመር አትለፉ፤ የካሜራውን ብልጭታም በነጂው ዓይን ላይ አታብሩ፤ ሌላው የተፈቀደ ነው» ብለው አሰናበቱን።

በዚያች አገር የሎኮሞቲቭ ነጂ ማግኘት የሚያስቸግረው ሎኮሞቲቭ እያነሰ በመሄዱ ነው። አብዛኛው የመንገደኛ ባቡር ሞተሩን በየፉርጎው ወለል ሥር የያዘ በመሆኑ ጎታች አያስፈልገውም። ከደብሊን ወደ ኮርክ በሚሄደው መሥመር ላይ ግን 201 የሚባሉትን ሎኮሞቲቮች አገኘን። በካናዳ አገር የተሠሩ 34 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 112 ቶን ይመዝናሉ። የመጀመሪያው በ1994 አየርላንድ የገባው በመርከብ ሳይሆን በግዙፍ የአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ ነው። የተሰየሙትም በአገሪቱ ወንዞች ስም ነው።

ያን ቀን ዝናቡ አላቋረጠም። ሎኮሞቲቩን አነሣን፤ ነጂው ግን ወርዶ ሄዶ ነበር።

በማግስቱ ወደ ኮርክ ተሳፈርን። በመንገድ ሊመሪክ ጃንክሽን በተባለው ጣቢያ ወረድን። ስሙ የሊመሪክ ይሁን እንጂ ጣቢያው ያለው በቲፐሬሪ አውራጃ ነው። በመድረኩ ጫፍ ላይ ካሜራችንን ደግነን አርባ ደቂቃ ቆምን። ባቡሩ ሲደርስ ግን ፊት የመጣው ሎኮሞቲቩ ሳይሆን የመንጃ ክፍል ያለው ፉርጎ ሆነ! ለካስ ሎኮሞቲቩ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ እየገፋ ኖሯል። በመድረኩ ርዝመት ሮጥን፤ ስንደርስ ግን ባቡሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ አልተነጋገርንም።

ኮርክ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። በጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ከ170 ዓመት በላይ አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር የተሠራው ቁጥር 36 የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ተወልውሎ ቆሟል። እኛ ግን የምንፈልገው ሕያው ነጂ ያለበትን ነበር። የመመለሻችን ባቡር ሊነሣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጎልማሳ ነጂ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲመጣ አየን። የአባታችንን ነገር በአጭሩ አስረዳነው። ሳቅ ብሎ ባርኔጣውን አስተካከለና ከሎኮሞቲቩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። አነሣነው። እጃችንን ጨብጦ ወደ ሥራው ወጣ።

ድሬዳዋ ስንመለስ አባታችን ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የሐዲዱን ስፋት ጠየቁን፤ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ነገርናቸው። «የእኛው አንድ ሜትር ነበር» ብለው ልዩነቱን በእጃቸው ለኩ። ቁጥሩን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። የወንዙንም ስም ነገርናቸው። ከዚያም ጣታቸውን በነጂው ደረት ላይ አሳርፈው፣

«ስሙን ጠየቃችሁት?» አሉን።

አልጠየቅነውም ነበር። የብረቱን ቁጥር፣ ክብደትና የተሠራበትን አገር በማስታወሻ ጽፈን ስንይዝ፣ በዝናብና በጥድፊያ መካከል ያሰብነውን የፈጸመልንን ሰው ስም ሳንይዝ መጣን። በሂውስተን በር ላይ ቆመን ስለ አንድ ጸሐፊ ስም የተደነቅነውም እኛው ነበርን።

ያን ዕለት ማታ አባታችንን አሮጌውን የሥራ ባርኔጣቸውን አስደፍተን በደጃፋቸው አነሣናቸው። ፎቶግራፉ ሲታጠብም በጀርባው ሙሉ ስማቸውን፣ የሥራቸውን ዓይነትና ያገለገሉበትን ዘመን በእጃችን ጻፍንበት። ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይና በየሣጥናችሁ ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች እስቲ ገልብጣችሁ እዩአቸው፤ የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት ሳለ ስማቸውን ጻፉባቸው።