ፈጣኑ ሁሉ ጎበዝ ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ፍጥነት ብቻውን ጉብዝና ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ በ1939 ቴድ ማኬልሮይ የተባለ አሜሪካዊ በደቂቃ 75.2 ቃላት በሞርስ ተቀብሎ ክብረ ወሰን ሰበረ። ነጥብና ሰረዝ እየቆጠረ እንዳይመስላችሁ! የለመደ ጆሮ ፊደሉን እንደ ዜማ ባንዴ ነው የሚይዘው።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚገናኙት አማተሮች ዘንድ ጀማሪው «ኪው አር ኤስ» ካለ «ቀስ ብለህ ላክ» ማለቱ ነው። ጨዋው ኦፕሬተር ታዲያ አይኮራም፤ በጀማሪው ፍጥነት ይልካል።

ምነው ይሄ ደንብ እኛም ቤት በገባ! አያቴ ጆሮዋ ደክሟል። ቤተሰቡ ሲጣደፍባት «ምን አላችሁ?» ማለቱን ትታዋለች። ዝም ስትል የሰማች ይመስላቸዋል። እሷ እቴ! እኔ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ፊት ለፊት እያየኋት፣ ቃል በቃል ነው የማወራት። ይኸው ትስቃለች።