«ኮንትሮል» የተባለውን ሲኒማ ካየሁ በኋላ

ስለ ሲኒማ ለመጻፍ በቂ ዕውቀት አለኝ ብዬ አልመካም። ነገር ግን የመጽሔታችን አዘጋጆች ልባችንን የነካውን እንድንጽፍ ስለ ጠየቁን፥ ባለፈው ክረምት ከታላቅ እኅቴ ጋራ ያየሁትን አንድ ሲኒማ ምክንያት አድርጌ፥ እስከ ዛሬ ለጓደኞቼ ያልገለጽሁትን ነገር እጽፋለሁ።

ሲኒማው «ኮንትሮል» ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ያዘጋጀው አንቶን ኮርባይን የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ለሥራውም ከገዛ ገንዘቡ ብዙ አውጥቶበታል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበረ።

ታሪኩ በእውነት የደረሰ ነው። ኢያን ከርቲስ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ማክልስፊልድ በምትባል ለማንችስተር በቀረበች ከተማ ይኖር ነበረ። በ1975 ዓ.ም. ገና በ19 ዓመቱ ዴቦራ የምትባል ልጅ አገባ። ቀን ቀን ሥራ ፈላጊዎችን ከሥራ በሚያገናኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለግላል፤ ማታ ማታ «ጆይ ዲቪዥን» በተባለ የሮክ ሙዚቃ ባንድ ይዘፍናል። ሴት ልጅ ከወለዱ በኋላ ልቡ ወደ አንዲት የቤልጅግ ወጣት አዘነበለ። ሚስቱንም ያችንም መተው አቃተው። እኅቴ በዚህ ጊዜ እጅግ ተናደደችበት። ሲኒማው የተመሠረተው ሚስቱ በ1995 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ መሆኑን ስነግራት ግን «እንግዲያውስ ባለ ጉዳይዋ ራስዋ ከተናገረች እኔ ምን አገባኝ» ብላ ዝም አለች።

እኔን የያዘኝ ግን የፍቅሩ ነገር አልነበረም። በመሥሪያ ቤቱ ሳለ አንዲት ሴት በፊቱ በሚጥል በሽታ ትወድቃለች፤ ኋላም መሞትዋን ይሰማል፤ ስለ እርስዋም ዘፈን ይጽፋል። በ1978 ዓ.ም. መጨረሻ ባንዱ ለንደን ተጫውቶ ሲመለስ፥ ያው በሽታ እርሱን ራሱን መኪና ውስጥ ያዘው። ጓደኞቹ የሚያደርጉት ጠፍቶአቸው ሲደነግጡ ሳይ እኅቴን «እባክሽ አቁሚው» አልኋት።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ በሒሳብ ትምህርት ሰዓት ወደቀ። አንዱ «ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው አፉን በማንኪያ ለመፈልቀቅ ታገለ። እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አረፋው እንዳይነካቸው መጽሐፎቼን አንሥቼ ሸሸሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእርሱ ጋራ ዳቦ የሚቆርስ አልነበረም። በዓመቱም ትምህርት ቤት ለወጠ።

እኅቴ ነርስነት ትማራለች። በሽታው ከአንጎል የሚነሣ መሆኑን፥ በአረፋም ሆነ በትንፋሽ እንደማይተላለፍ አስረዳችኝ። የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፥ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፥ በአፉ ምንም አለመክተት፥ ሰዓት መመልከት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ። ይኸው ነው። ክብሪቱ ለምንም አይረባም። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ይበልጥ አሳፈረኝ።

የቀረውን ተመለከትን። ተዋናዮቹ ዘፈኖቹን ራሳቸው ተጫውተዋቸዋል፤ ኢያንን ሆኖ የሠራው ሳም ራይሊ ሲደንስ በሽታው የያዘው ይመስላል፤ ተመልካቹም የቱ ዳንስ የቱ ሕመም እንደ ሆነ አይለይም። በ1980 ዓ.ም. ሜይ 18 ቀን፥ ባንዱ ወደ አሜሪካ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፥ ኢያን በ23 ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

ትምህርት ሲከፈት የዚያን ልጅ ቤት ጠይቄ ሄድሁ። እናቱ በር ከፍተው «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ፤ ነገርኋቸው፤ ቡና ሊያፈሉ ገቡ። እርሱ አድጎአል። መድኃኒቱን በየቀኑ ስለሚወስድ ከወደቀ ብዙ ጊዜው ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ ሲንተባተብ «ስለ መጽሐፎቹ ሰምቻለሁ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ቡናው እስኪደርስ ስለ ሲኒማው አወራሁለት፤ በሽታው እያለበት በብዙ ሰው ፊት ይዘፍን ስለ ነበረው ሰው ሲሰማ ወንበሩን አስጠጋ።

«ኋላስ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እስከ መጨረሻው አላየሁትም» አልሁት።