ጓያና የቋሚ ኮሚቴው ጥያቄ

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሥራ ክንውኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሲያቀርብ የምንሰማው ስንት ድርጅት እንደተፈተሸ፣ ስንት ፈቃድ እንደታገደ፣ ምን ያህል ምርት እንደተወገደ ነው፤ ያውም በመቶኛ። (መቶኛ የማይወድ ሪፖርት አይቼ አላውቅም።) እኔ ግን የመካነ ሰላም ልጅ ነኝና ከራሱ ጎተራ የሚበላው ገበሬ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚገኝ አስባለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ጓያን ታውቁታላችሁ። ድርቅ ሌላውን አዝመራ ሲመታ ጸንቶ የሚቆም ጥራጥሬ ነው፤ ሌላ እህል ታጥቶ ለወራት እርሱን ብቻ ከበሉት ግን እግር ያሽመደምዳል፤ ፈውስም የለውም። ከእኛ በስተሰሜን፣ በደላንታ አካባቢ፣ በዚሁ ሕመም ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው እንደተጠቃ ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 አስነብቧል። እናቴ ጓያውን ዘፍዝፋ ውኃውን ትደፋ ነበር። ይህ መርዙን እንደሚቀንስ የነገራት ተቆጣጣሪ አልነበረም።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚሠራው ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው። መርዙ ያነሰ ዘር የሚፈልገው የግብርና ምርምር፣ በድርቅ ጊዜ እህል የሚያድለው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እንግዲህ ሁሉም የየድርሻውን «በአመርቂ ሁኔታ» ፈጽሞ ሰው ሊሽመደመድ ይችላል ማለት ነው። የጤናውና የግብርናው ቋሚ ኮሚቴዎች በአንድ ቀን ተቀምጠው፣ «በዓመቱ ከበላው ምግብ የተነሣ ስንት ሰው ታመመ? የትኛው ወረዳ?» ብለው ቢጠይቁስ? ከደላንታ በምርኩዝ መጥቶ የሚመሰክር አይጠፋም።